ፒራሚድ ሽያጭ ምንድን ነው? «ዕቃ አለን እኮ» ለሚሉ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ሬዲዮው ተከፍቷል። አንድ የፕሮግራሙ እንግዳ ሰዎች ኔትወርክ ማርኬቲንግን (አባል ሆነህ ዕቃ እየገዛህ ሌላ አባል የምታስገባበትን ንግድ) ለምን እንደሚጠሉ ያብራራል። «ህዝባችን ኔትወርክና ፒራሚድ ይምታታበታል። ፒራሚድ ማለት ዕቃ የሌለው ነው። እኛ ግን ዕቃ አለን» አለ። ረዳቱ ሳይቀር «እውነቱን ነው» አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። ይቺን አባባል ልቅሶ ቤት ውስጥ ሁሉ ሰምቻታለሁ። አሁን ግን በዛ።

ሥራዬ ኦዲት ነው። ከላይህ ሆኖ ያስገባህን ሰው አፕላይን፣ ከአንተ በታች የሚገቡትን ሁለት መስመሮች ግራ እግርና ቀኝ እግር ይሏቸዋል፤ ከዚህ በላይ እያብራራሁ አላደክማችሁም። አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ይህን ሳይፈልግም ተምሯል። «ሻይ እንጠጣ» ተብሎ ሄዶ ሱፍ የለበሰ ልጅ ወረቀት ላይ ክብ እየሳለ የጠበቀው ስንቱ ነው!

ወደ ነገሩ ልግባ። ፒራሚድ የሚባለው የተሳታፊው ጥቅም በዋናነት አዲስ ሰው በማስገባት ላይ ሲቆም ነው። ዕቃ መኖር አለመኖሩ መለያ አይደለም። ዕቃው የመግቢያ ትኬት ሊሆን ይችላል። የጥርስ ሳሙና ሊሆን ይችላል፣ የካልሲየም ዱቄት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ጥሩ መሆኑም አያድነውም። የኛ ሰው «ዕቃው ፌክ ነው» ብሎ ሲሸሽ ትክክለኛውን ነገር በተሳሳተ ምክንያት እየሸሸ ነው። ለዚህም ነው ዕቃው ጥሩ ሆኖ ሲያገኘው ተሸንፎ የሚገባው።

የሀገራችን ህግ ራሱ የሬዲዮውን እንግዳ አይደግፈውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለነጋዴ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ የፒራሚድ ሽያጭ ነው። በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከገዛህ፣ ወይም ገንዘብ ካዋጣህ፣ ከዚያም በአንተ በኩል በሚገዙትና በሚገቡት ሰዎች ቁጥር ልክ ጥቅም ታገኛለህ እያሉ መሸጥ ማለት ነው። «ዕቃ ከገዛህ» የሚለው እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። የህግ ሰው ስላልሆንኩ የትኛው ድርጅት እዚህ ስር ይወድቃል የሚለውን ለዳኞች እተወዋለሁ።

አሁን በጉልት ላስረዳ። ብሎካችን በር ላይ ሽንኩርት በመደብ በመደብ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ገዢያቸው ከሥራ የሚመለሰው ሰው ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ አላፊ አግዳሚው ገንዘብ ይዞ ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ይገባል። አለቀ። ይህ ንግድ ነው።

እንበልና አንዷ ዘዴ ቀየረች። መደብ መሸጥ ትታ ሁለት ሴቶች ጠራች። «ከኔ አንድ አንድ ጆንያ ግዙና ጉልት ተቀመጡ። እናንተም ሁለት ሁለት ሴት አምጡ። ካመጣችሁት ሁሉ ድርሻ አላችሁ» አለቻቸው። እነሱም አመጡ። የመጡትም አመጡ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ጉልቱ 127 ሴቶች አሉት። ሁሉም ጆንያ አላቸው። ከመንገዱ ማዶ የሚመጣ ገዢ ግን የለም፤ ቢኖርም ዋጋውን ሰምቶ ያልፋል። ምክንያቱም በጆንያው ዋጋ ውስጥ የላይኞቹ ሁሉ ድርሻ ተጨምሯል።

ከ127ቱ ውስጥ 64ቱ የመጨረሻው ረድፍ ናቸው። ከነሱ በታች ማንም የለም። ከነሱ በላይ ያሉት 32ቱ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱን ረድፍ ብትደምሩ 96 ይሆናል፤ ከጉልቱ ሦስት አራተኛው ማለት ነው። ታችኛው ረድፍ ላይ ያለችውን «ታገሺ፣ ስምንተኛው ረድፍ ይሞላል» ይሏታል። ይሙላ። 128 አዲስ ሴቶች ይመጣሉ። 64ቱ ፈገግ ይላሉ፣ 128ቱ ጆንያ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ከላይ ያሉት ስንት ናቸው? 127። የታችኛው ረድፍ ከላይ ካሉት ሁሉ ድምር ሁልጊዜ በአንድ ይበልጣል።

ይህን የምለው ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ስላለ ነው። ተቃዋሚዎቹም ይሳሳታሉ። «አንድ ቀን ሰው ያልቅና ይፈርሳል» ይላሉ። ስድስት ስድስት ሰው ከተጠራ አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ከ362 ሚሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ብቻዋን አትበቃም። ስሌቱ ልክ ነው። ግን አባሉ «እስከዚያ እኔ እወጣለሁ» ብሎ እንዲገባ ነው የሚያደርገው። የሰው ማለቅን መጠበቅ አያስፈልግም። በየትኛውም ቀን ብትቆጥሩት ብዙው ሰው ታች ነው። ደግሞ እኔ የሳልኩት ጉልት ሙሉ ነው። በእውኑ ዓለም ብዙዋ ሴት አንድም ሰው አታመጣም፤ ስለዚህ ስዕሌ ከእውነቱ ይልቅ ደግ ነው። የሽንኩርቱ መበስበስም አልተቆጠረም።

አንዳንዱ ይህንን ሁሉ ፖንዚ ብሎ ይጠቀልለዋል። ሌላ ነው። ቻርልስ ፖንዚ በፈረንጆች 1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ ሰበሰበ። ከኋለኛው ተቀብሎ ለፊተኛው የሚከፍለው እሱ ራሱ ነበር። ገንዘብ የሰጠው ሰው ቤቱ ቁጭ ማለት ይችላል። በፒራሚድ ግን ሰብሳቢው አንተ ነህ። ከእህትህ፣ ከእድር ጓደኛህ፣ ከልጅህ ክርስትና እናት ነው የምትሰበስበው። ሰፈር ውስጥ ጥርጣሬው ለምን እንደከረረ ለማወቅ ከዚህ በላይ ጥናት አያስፈልግም። ድርጅቱን አንድም ሰው አያውቀውም። የሚታወቀው ያስገባው ዘመድ ነው።

«አሜሪካ እንኳ ፈቅዶታል» የሚል ክርክርም አለ። ይህ አምዌይ ስለሚባለው የአሜሪካ የኔትወርክ ማርኬቲንግ ድርጅት ነው። በ1979 በእነሱ አቆጣጠር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምዌይ ፒራሚድ አይደለም አለ። ግን ለምን? አባሉ ዕቃ ሳይሸጥ እንዳያከማች የሚያደርጉ ደንቦች ስለነበሩት ነው። ከያዘው 70 በመቶውን ሳይሸጥ ጥቅም አያገኝም፣ በወር ለ10 ደንበኞች መሸጡን ያሳያል፣ ያልተሸጠውን ድርጅቱ መልሶ ይገዛል። በዚያው ውሳኔ ገቢን አጋንኖ ማውራት እንዲያቆም ታዟል። ይቺኛዋን ክፍል ሬዲዮ ላይ አልሰማኋትም። በእነሱው 2016 ደግሞ ይኸው ኮሚሽን ሄርባላይፍ የሚባለውን ሌላ የኔትወርክ ድርጅት ከሶ፣ ድርጅቱ 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አከፋፈሉን ከእውነተኛ ሽያጭ ጋር ለማያያዝ ተስማምቷል። ሁለቱም ጊዜ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዕቃውን በመጨረሻ ማን ገዛው?

«ንግድ ፈቃድ አለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ ኦዲት ተደርገናል» ሲሉ ደግሞ ሙያዬ ተነካ። የኦዲት ሪፖርት ሂሳቡ በትክክል ቀርቧል ይላል እንጂ ንግዱ ጥሩ ነው አይልም። እንዲያውም አይኤፍአርኤስ 15 በሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት ዕቃው በገዢው ቁጥጥር ስር ሲገባ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። አባሏ ገዢ ናት። ካርቶኑ አልጋዋ ስር ቢያረጅም በድርጅቱ መዝገብ የተሸጠ ነው። (የመመለስ መብት ካላት ይመለሳል ተብሎ የሚገመተው ከገቢው ይቀነሳል። ይህንን የጠየቀኝ የለም፤ ግን ካልጻፍኩት ባልደረቦቼ አይለቁኝም።)

እቁብም ኔትወርክ ነው የሚሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። 20 ሰው በወር ሺህ ሺህ ብር ይጥላል፣ ሁሉም በተራው 20 ሺህ ይወስዳል። አባሉ የታወቀ ነው። ማንም ከማንም መግባት አያተርፍም። መጨረሻ የደረሰው የሚጎዳው ብሩ በዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ዋጋ በማጣቱ ነው፤ እሱም ትንሽ ጉዳት አይደለም፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቤት ለቤት ዕቃ መሸጥን እየሰደብኩ አይደለም። እኛ ብሎክ ቅባትና ሻምፑ እያዞረች ለፀጉር ቤቶች የምታስረክብ ሴት አለች። ማንንም ግቢ አትልም። ልጆቿን በዚያ ታስተምራለች።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ግን ገብታለች። ልጅ ስላላት ከቤት መውጣት አትችልም፤ «ቤትሽ ሆነሽ ሥሪ» ነው ያሏት። በየወሩ ካልገዛች ደረጃዋ ይወርዳል። ስለዚህ ትገዛለች። ለክርስትናም ለምርቃትም የጥርስ ሳሙና ይዛ ትመጣለች። እሁድ ዕለት «ጋሼ፣ አተረፍኩ አላተረፍኩም ቁጥሩን እዩልኝ» ብላ ደብተር ይዛ መጣች። ቁጥሩን ሳላይ አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ከአባላት ውጭ በገንዘቡ የገዛሽን ሰው ስም ጻፊልኝ፤ ዘመድ ለይሉኝታ የገዛውም ይቆጠር» አልኳት። እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ አሰበች።

ሦስት ስም ጻፈች። አንዱ እኔ ነኝ። ሳሙናው፣ ልንገራችሁ፣ ጥሩ ነው።