ኦፍሴት ምንድን ነው? ቸርኬ ስንቀይር የምንረሳው ቁጥር

ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ ዓይኑ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ጥያቄውም የታወቀ ነው፦ "ስንት ኢንች ልግጠም?" ሻጩ "18 ያምርበታል" ይላል፣ ሂሳብ ይዘጋል። ከዚያ ጎማው በየጉብታው ፓራፋንጎውን መፋቅ ይጀምራል። ኢንቹ ልክ ነበር። ያልተጠየቀው ኦፍሴቱ ነው።

ቸርኬውን እንደ ዳቦ ሁለት እኩል ቦታ ሰነጠቅነው እንበል፤ የፊቱ ግማሽ ወደ መንገዱ፣ የጀርባው ግማሽ ወደ መኪናው። ስንጥቁ የስፋቱ መሃል ነው። ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ የሚለጠፍበት ገጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ መሃል ላይ አይውልም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ በሚሊሜትር ሲለካ፣ ኦፍሴት ይባላል። ገጹ ወደ መንገዱ በኩል ከሆነ ፖዘቲቭ፣ ወደ መኪናው በኩል ከሆነ ኔጌቲቭ ነው። ቸርኬ ላይ "ኢቲ" (ET) ከሚል ምልክት ጋር ይጻፋል፤ ምልክቱ ከጀርመንኛ የመጣ ምህጻረ ቃል ነው።

ብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቸርኬው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል። እኔም እስክለምደው ድረስ ወረቀት ላይ እየሣልኩ ነበር የማረጋግጠው።

ቶዮታ 86ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ሲወጣ ብዙዎቹ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ነበሩ፤ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 48፣ ጎማው 215/45 (ስፋቱ 215 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ)። ጎማው ነዳጅ ቆጣቢው ፕሪየስ ላይ የሚገጠም ዓይነት ነበር! መኪናው በትንሽ ፍጥነትም እየተንሸራተተ እንዲያዝናና ታስቦ የተደረገ ነው። ባለቤቶቹ ግን ሰፋ ያለ ጎማ ያምራቸዋል።

8 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ እንግጠምለት። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ኦፍሴቱ እዚያው 48 ላይ ከቆየ ጭማሪው እኩል ይከፈላል፤ 12.7 ወደ ውስጥ፣ 12.7 ወደ ውጭ። ኦፍሴቱን 35 ብናደርገውስ? የውስጡ ጠርዝ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል፤ ጭማሪው በሙሉ፣ ወደ 26 ሚሊሜትር፣ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስፋቱ ያው 8 ኢንች ነው፣ አቀማመጡ ግን ሌላ። ስለዚህ "8 ኢንች ይገባል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን መልስ የለውም።

ከውስጥ በኩል የሚያሰጋው አሞርዛተሩ ነው፤ የ86 የፊት ጎማ ለእሱ በጣም ቅርብ ነው። ከውጭ በኩል ፓራፋንጎው አለ። ቸርኬው በጣም ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ከመነካካት ያለፈ ጣጣ ይመጣል። መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር አለ። የጎማው መሃል ከዚያ መስመር በራቀ ቁጥር መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድና ቦይ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ኩሽኔታውም ባልተሠራበት አቅጣጫ ይጫናል። ከፓራፋንጎው እኩል የቆመ ጎማ ለዓይን ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን ከፋብሪካው ቁጥር ከ10 ወይም ከ15 ሚሊሜትር በላይ አለመራቅን እመርጣለሁ።

በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚገባው ስፔሰርም የሚነካው ይህንኑ ቁጥር ነው። ኦፍሴቱ 48 የሆነ ቸርኬ ላይ 15 ሚሊሜትር ስፔሰር ካስገባችሁ 33 ሆነ ማለት ነው። ቡሎኑ የሚይዘው ጥርስ እንዳያንስ ግን መታየት አለበት።

የጎማው ቁመትም አለ። የ86 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 625 ሚሊሜትር ያህል ነው። 18 ኢንች ላይ 215/40 ቢገጠም 629 ይሆናል፣ ችግር የለውም። 225/45 ቢገጠም ግን ወደ 660 ይጠጋል። ከ5 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው፤ ፍጥነት መቁጠሪያው በዚያው ልክ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ መኪናውም ማርሹ የከበደው ያህል ይንቀራፈፋል።

የቡሎን ቀዳዳውና የመሃሉ ቀዳዳ ብዙ ወሬ አያስፈልጋቸውም፤ ወይ ይገጥማሉ ወይ አይገጥሙም። ለ86 አምስት ቡሎን በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ፣ የመሃሉ 56.1 ነው። የመሃሉ ቀዳዳ ከሰፋ በቀለበት ይሞላል።

ያገለገለ ቸርኬ ልትገዙ ከሆነ ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ስፋቱና ኦፍሴቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ብረቱ ላይ ተቀርጸዋል። ከሌለ፣ ቸርኬውን ፊቱን ወደ ታች አስተኝታችሁ ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ ዱላ አጋድሙ። ከዱላው እስከ ሞዞው መለጠፊያ ገጽ ያለውን በሜትር ለኩ። ከዚያ ላይ የቸርኬውን ጠቅላላ ስፋት፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን፣ ግማሽ ቀንሱ። የቀረው ኦፍሴቱ ነው።