ቀይ መዝገብ ምንድን ነው? የጫካ ቡናና የጥቁር እንጨት ደረጃ

ቡና በየጓሮው ተተክሎ፣ ገበያውም ሞልቶ ሳለ «ሊጠፋ ነው» ሲባል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ዝርያዎች ለመጥፋት ምን ያህል እንደተቃረቡ የሚመዘግበው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ግን የሚቆጥረው በዱር የበቀለውን ብቻ ነው፤ ብራዚልም ሆነ ሲዳማ ለምርት የተተከለው አይገባበትም።

ስጋት ላይ ያሉ ዝርያዎች ሦስት ደረጃ አላቸው፤ ከአምስት መስፈርቶች አንዱን ማሟላት ይበቃል። አንደኛው የመመናመን ፍጥነት ነው። በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ (ረዥሙ ይወሰዳል) ዝርያው በ80 በመቶ ከቀነሰ ወይም እንደሚቀንስ ከታመነ «እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ»፣ በ50 ከሆነ «ለመጥፋት የተቃረበ»፣ በ30 ከሆነ «ለመጥፋት የተጋለጠ» ይባላል።

አረቢካ ቡና መካከለኛው ላይ ነው። የዱር ሀገሩ በዋናነት የኢትዮጵያ ደን ሲሆን፣ በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ እስከ 2088 እ.ኤ.አ. ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ እንደሚችል ተተንብዮአል። የደን ምንጣሮ ሲታከልበት ይብሳል።

ጥቁር እንጨት (በኦሮምኛ ሆሚ) የኮክና የፕሪም ዘመድ ነው፤ «ለመጥፋት የተጋለጠ» ተብሎ ተመድቧል። ከካሜሩን እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር ባሉ ተራሮች ስለሚበቅል ከቡናው ይልቅ ሰፊ ሀገር አለው። የሚጎዳው በልጡ ነው፤ ልጡ ለፕሮስቴት እብጠት መድኃኒት ይሆናል። ዙሪያውን ከተላጠ ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ወደ ሥር አይወርድምና ዛፉ ይሞታል። በካሜሩን የወጣው ደንብ ውፍረቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ዛፍ ላይ፣ ፊት ለፊት ካሉ ሁለት ጎኖች ብቻ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ መላጥን ይፈቅዳል፤ የቀሩት ጎኖች ለዓመታት ይጠብቃሉ። ቢላዋው ጠልቆ እንጨቱን ከነካ ግን ልጡ መልሶ አይሸፍነውም። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላከው በዓለም አቀፍ ስምምነት የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅበታል።

ስለዚህ የጥቁር እንጨት ደረጃ ዝቅ ማለቱ ችላ የሚያስብል አይደለም፤ እንዲያውም ጉዳቱ በእጅ የሚመጣ ስለሆነ ቶሎ ሊታረም ይችላል። ቡናውን የሚጎዳውን የአየር ሙቀት ግን ቢላዋ በመቆጣጠር መመለስ አይቻልም።

ሁለቱን የሚያመሳስለው ዘራቸው ነው፦ እንደ ጤፍ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለዘመናት አይቀመጥም። የጥቁር እንጨት ዘር ከፍሬው እንደወጣ መዘራት አለበት። የቡናውም ዝርያ በጅማ አካባቢ ጮጬ ላይ በቁሙ፣ ከነዛፉ ተተክሎ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።