‹ልየታ› ምንድን ነው? ኦቲዝምን ‹ይመረምራል› ስለሚባለው መተግበሪያ

‹‹ኦቲዝምን በ10 ደቂቃ የሚመረምር መተግበሪያ ተገኘ›› የሚለውን ዜና ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት አላስታውስም። ዜናው ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም፤ የሚያናድደኝ ‹‹የሚመረምር›› የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ‹ምርመራ› ስንል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ልየታ፣ በሐኪሞች አነጋገር ስክሪኒንግ ነው፤ ሌላው ዳያግኖሲስ፣ ማለትም ባለሙያ ልጁን አጫውቶ፣ የወላጆቹን ቃል ሰምቶ፣ ሌሎች ምክንያቶችን አንድ በአንድ አጣርቶ የሚደርስበት ውሳኔ ነው። መተግበሪያው የሚሠራው የመጀመሪያውን ሲሆን ወላጅ ግን ሁለተኛው ተሠርቶ እንዳለቀ ቆጥሮ፣ ልቡ ተሰብሮ ወደ እኛ ወደ ሐኪሞች ይመጣል።

ልየታ ወንፊት ነው። ጤፍ ከዳጉሳ ጋር ተቀላቀለ እንበል (ሁለቱም እህል ናቸው፤ ከልጆች መካከል ማንንም ገለባ ላለማድረግ ብዬ የመረጥኩት ምሳሌ ነው)። ጤፉ በቀዳዳው ይወርዳል፣ ዳጉሳው ከላይ ይቀራል። ሆኖም ከላይ የቀረው ሁሉ ዳጉሳ አይደለም፤ ስንዴም፣ እርጥበት ይዞት የተጣበቀ ጤፍም ይኖርበታል። ደቃቃ ዳጉሳም ከጤፉ ጋር ሾልኮ ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ የቀረው ሰፌድ ላይ ፈስሶ በእጅ ይለቀማል፤ ወንፊቱ የለቃሚዋን ድካም ቢያቀልም እሷን አይተካትም።

አንድ ተንታኝ ‹‹መሣሪያው ኦቲዝም አለ ካለ፣ 88 በመቶ ትክክል ነው›› ሲል ሰማሁት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ የተገለበጠው ትርጉሙ ነው። የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት ከ17 እስከ 36 ወር የሆናቸው 475 ሕፃናት መተግበሪያው በተጫነበት ታብሌት አጫጭር ፊልሞችን አይተዋል። ሕፃኑ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት አለማለቱን፣ የፊቱንና የራሱን እንቅስቃሴ ካሜራው ይመዘግባል፤ ከዚያም ሕፃኑ አረፋ እየነካ ሲያፈነዳ የጣቱ አነካክ ይለካል። ኦቲዝም እንዳለባቸው በባለሙያ ከተረጋገጠላቸው 49 ሕፃናት መሣሪያው 43ቱን ለይቷል፤ 88 በመቶ ገደማ የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን እድገታቸው እንደ እኩዮቻቸው ከሆነው 328 ሕፃናት መካከልም 63ቱን ከላይ አስቀርቷል። ስለዚህ ከሁለቱ ወገኖች ምልክት ከተደረገባቸው 106 ሕፃናት ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው 43 ብቻ ናቸው፤ ይህም 41 በመቶ ያህል ነው። በዚህ መሣሪያውን አልወቅሰውም፤ የሚፈለግ እንዳያመልጠው ቀዳዳውን ያጠበበ ወንፊት የማይፈለግም ማስቀረቱ አይቀርም።

‹‹እንግዲያው ምን ይጠቅማል?›› ለሚለኝ ደግሞ የስንዴውን ነገር ላንሳ። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የሚያገለግል፣ ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄዎች ያሉት የወላጅ መጠይቅ አለ፤ ምንም ካሜራ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ16,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጠይቁና በተከታይ ቃለ መጠይቁ ምልክት ከተደረገባቸው መካከል ኦቲዝም የተገኘባቸው 47.5 በመቶ ነበሩ። ሌላ የእድገት መዘግየት ወይም ስጋት ያለባቸው ሲጨመሩ ግን ቁጥሩ 94.6 በመቶ ይደርሳል። ከወንፊቱ ላይ የቀረው ዳጉሳ ባይሆን እንኳ አብዛኛው ስንዴ ነበር ማለት ነው፤ ስንዴም የራሱ ለቀማ ይፈልጋል።

አንዲት እናት የ2 ዓመት ከ2 ወር ልጇን አዝላ፣ ቀይ ምልክት ያሳየውን ስልኳን ዘርግታ ‹‹ዶክተር፣ ይኸው አለበት አለኝ›› አለችኝ። ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ከጀርባው ሆኜ የብስኩት ላስቲክ አንኮሻኮሽኩ፤ አሁንም አልዞረም። ለስሙ ደንታ የሌለው ልጅ ለብስኩቱ ድምፅ ወዲያው ከዞረ ሐሳቤ ወደ ኦቲዝም ያጋድላል፤ ለሁለቱም ዝም ካለ ግን መጀመሪያ ጆሮው ይታይ እላለሁ። ታየ፤ በመካከለኛው ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ለነገሩ የመስማት ምርመራ ሳይደረግ የኦቲዝም ውሳኔ ባይሰጥ ደስ ይለኛል፤ መተግበሪያ ኖረም አልኖረም።

ለዳያግኖሲስ አጋዥ ተብለው የተፈቀዱ መሣሪያዎችም የሉም አልልም። ካንቫስ ዲኤክስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርን ፈቃድ አግኝቷል፤ ሆኖም የታሰበው እድገታቸው አስቀድሞ ስጋት ላሳደረባቸው ልጆች ሲሆን ውጤቱም በሐኪም እጅ ይታያል። በ425 ልጆች ላይ ሲፈተን ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው ለሲሶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ለቀሩት ‹‹መወሰን አልችልም›› ብሏል። ብዙዎች እንደ ድክመት ቆጠሩበት፤ እኔ ግን ይህን ቃል ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ አፍ ብሰማው እወዳለሁ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። መሣሪያው ‹‹ምንም የለም›› ሲል ‹‹አባቱም ቆይቶ ነው አፉን የፈታው›› ለሚሉ ዘመዶች ማስረጃ ይሆናል። ከዱኮቹ 49 ሕፃናት 6ቱ ሾልከው የወረዱ ዳጉሳዎች መሆናቸውን አንርሳ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ልየታው በ18 ወርና በ24 ወር፣ ሁለት ጊዜ እንዲደረግ የሚመክረው አለምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ ልጅ በ18 ወሩ ‹‹እማ››፣ ‹‹ውሃ›› ሲል ቆይቶ ሁለተኛ ዓመቱ ሳይሞላ ቃላቱን ያጣቸዋል።