የሚሟሟ የልም አጥንት ስካፎልድ ምንድን ነው?

ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው «ክሩ መቼ ይወጣልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ «አይወጣም፣ ራሱ ይሟሟል» የሚባልበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ክሮች አንዱ የሚሠራው ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ከሚባል ፖሊመር (ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙበት ነገር) ነው፤ የሰውነት ውሃ ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። ተመራማሪዎች ልም አጥንት ለማብቀል መጀመሪያ ከያዟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የስፌት ክር ነው።

ልም አጥንት፣ ማለትም ካርቲሌጅ፣ በበዓል አጥንት ስንግጥ መገጣጠሚያው ጫፍ ላይ የምናገኘው ነጭ፣ የሚያንሸራትት ሽፋን ነው። ጆሯችን ታጥፎ ሲለቀቅ ተመልሶ የሚቆመውም በእሱ ነው። ደም ሥር የለውም፣ ሕዋሳቱም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እንደ ቆዳ ቁስል አይጠግም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ሃንተር አንዴ ከተበላሸ እንደማይመለስ የጻፈው በ1743 እ.ኤ.አ. ነው።

ስካፎልድ ለሕዋሳት የሚሠራ ርብራብ ነው፤ ልዩነቱ የሚያፈርሰው ሠራተኛ አለመኖሩ። ከፀጉር የቀጠኑት ክሮች ተነባብረው ባዘቶ ጥጥ ይመስላሉ፤ አብዛኛው ክፍት ቦታ ነው። ሕዋሳቱ እዚያ ውስጥ ገብተው ክሩን ይይዛሉ፣ በዙሪያቸውም ኮላጅን፣ ማለትም ልም አጥንቱን የሚያጠነክረውን የፕሮቲን ክር፣ ያመርታሉ። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ብቻ ቢያድጉስ? ራሳቸውም ይጠፈጠፉና ሙያቸውን ይረሳሉ፤ የልም አጥንቱን ኮላጅን ትተው ጠባሳ ውስጥ የሚበዛውን ዓይነት መሥራት ይጀምራሉ።

ጀርባዋ ላይ የሰው ጆሮ የበቀለባትን አይጥ ፎቶ ያየ ብዙ ሰው ዘረመሏ የተነካካ መስሎታል። አልተነካካም። በአሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ በነቻርልስ ቫካንቲ ቡድን በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው የሦስት ዓመት ሕፃን ጆሮ ቅርጽ ተወሰደ፤ የፖሊግላይኮሊክ አሲድ ክር በዚያ ቅርጽ ተዘጋጅቶ፣ እንዳይልፈሰፈስ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባል ሌላ የሚሟሟ ፖሊመር ተጨመረበት፤ ከዚያ የከብት የልም አጥንት ሕዋሳት ተዘርተውበት ከአይጧ ቆዳ ሥር ገባ። ከ12 ሳምንት በኋላ አዲስ ልም አጥንት ተገኘ። የሰው ሕዋስ አንድም አልነበረበትም፤ መስማትማ ከየት መጥቶ!

ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ሰዓቱን ማስማማት ነው። ፖሊግላይኮሊክ አሲድ በጥቂት ሳምንታት ጉልበቱን ያጣል፤ ሕዋሳቱ ገና ሳይደላደሉ ርብራቡ ሊከዳቸው ይችላል። ፖሊካፕሮላክቶን የሚባለው ሌላ ፖሊመር ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ለአዲሱ ልም አጥንት ቦታ ለመልቀቅ ይዘገያል። ፖሊመሮቹን የሚቀላቅሏቸው መካከለኛውን ፍለጋ ነው። ሲሟሟ የሚወጣው አሲድም አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ዙሪያውን ያስቆጣል።

ጆሮ ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ቅርጹን ከያዘ ይበቃዋል። ጉልበት ግን ደረጃ በወጣን ቁጥር ከሰውነታችን ክብደት በላይ ይሸከማል። ልም አጥንቱም የተነባበረ ነው፦ ላይኛው የኮላጅን ክር ተኝቶ ይሄዳል፣ ታችኛው ቀጥ ብሎ ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ባዘቶ ውስጥ ግን ክሩ የተበተነው እንደመጣለት ነው።