ስለ አዳማ እና ስለ አዋሽ ዳርቻዎቿ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወደ አዳማ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረርና ወደ አሰላ ለማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ይደርሳል፤ ሆቴሉንና አዳራሹን አይቶ በዚያው ይመለሳል። አገሩ ገብቶ «አዳማ ምን አላት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሙቀትና ነፋስ» ይላል። ከከተማዋ በስተደቡብ የሚያልፈውን አዋሽን ሳያይ መመለሱ በእጅጉ ያስቆጫል፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ሊጎበኝ ከሚገባው ነገር አብዛኛው ከዚህ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ከእንግዶችም፣ አንዳንድ ጊዜ ከራሳችን ከነዋሪዎቹም አፍ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው።

«አዳማ ውኃ የሌላት ደረቅ ከተማ ናት»

ከተማዋ ራሷ በወንዝ ዳር አለመቆርቆሯ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከአዳማ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወንጂ ላይ አዋሽን ያገኘዋል። ወንዙ ከቆቃ ግድብ ወጥቶ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳዎች በኩል ያልፍና መልካሳን ነክቶ ወደ ሶደሬ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ ወደ መተሐራ ይሄዳል። የአዳማ ነዋሪ ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃም ከዚሁ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ፣ «እዚህ ወንዝ የለም» የሚል የከተማዋ ሰው ሲገጥመኝ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው አባባል ትዝ ይለኛል።

አዋሽ ወደ ባሕር ይገባል ብለው የሚያስቡም ብዙ ናቸው። አይገባም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ውኃው በሙሉ በአገር ውስጥ ስለሚቀር በመንገዱ ያሉት እርሻዎች፣ ግድቦችና ከተሞች ሁሉ የሚሻሙበት ወንዝ ነው፤ ይህን ማወቅ ቀጥሎ የሚነገረውን ለመረዳት ይጠቅማል።

«ቆቃ እንደ ዝዋይና እንደ ላንጋኖ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው»

የቆቃ ሐይቅ ሰው ሠራሽ ነው። ግድቡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ ወጪው የተሸፈነው ጣሊያን ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው። 43 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚለቀቀው ውኃ ከታች በመልካሳ አካባቢ በተሠሩት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ጣቢያዎች እንደገና ኃይል ያመነጫል፤ የወንጂን አገዳም ያጠጣል። ስለዚህ በወንጂ ወይም በሶደሬ ዳርቻ ቆሞ የወንዙን መጠን የሚያይ ጎብኚ የሚያየው በአብዛኛው ከላይ ከግድቡ የተለቀቀለትን ውኃ ነው። ሐይቁ ከደጋ እየታጠበ በሚመጣው ደለል ከዓመት ዓመት የመያዝ አቅሙ እየቀነሰ መሄዱ የአካባቢው ትልቅ ጭንቀት ነው፤ በቀይ ቡናማ ውኃው ላይ ፎቶ የሚነሣ ሰው ቀለሙ የተፈጥሮ ውበት ሳይሆን ከላይ የተሸረሸረ የገበሬ አፈር መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ለምሳ ግን ቆቃ ጥሩ ማረፊያ ነው። የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳጣ ጋር የሚቀርብባቸው የመንገድ ዳር ቤቶች አሉት። አባ ኮዳዎቹም የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት በሚጣልበት ቦታ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ።

በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖችም ከዚህ ጋር ይገናኛሉ። ብዙ እንግዳ «ለአዳማ መብራት የተተከሉ ናቸው» ይላል፤ የሚያመነጩት ግን ወደ ብሔራዊው የኃይል ቋት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ተርባይኖችና 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አለው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ የግድቦች ውኃ በሚቀንስበት ወቅት በመሆኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

«ሶደሬ የሚዋኘው በአዋሽ ነው፤ ውኃውም ሁሉን ይፈውሳል»

ከአዳማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሶደሬ ስሙ ከሁሉ በላይ የታወቀ ነው፤ በዚያው ልክ ብዙ ስህተት የሚነገርበትም እርሱ ነው። በመጀመሪያ ፍል ውኃው የአዋሽ ውኃ አይደለም። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ አካል በመሆኑ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ጥልቀት ወርዶ በጋለው አለት ይሞቅና በስንጥቆች በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ የሚወጣውም በወንዙ ዳር ነው። ገንዳዎቹ የሚሞሉት በዚህ ፍል ውኃ ነው። በአዳማ ደቡብ በኩል በቦኩ ከመሬት የሚወጣው እንፋሎትም መነሻው ይኸው የምድር ሙቀት ሲሆን፣ የአካባቢው ሰው ለመታጠን ይጠቀምበታል።

ልዩነቱ ዋና ቁም ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፦ ገንዳው ለመዋኛ የተዘጋጀ ነው፤ ወንዙ ግን አይደለም። በአዋሽ ውስጥ አዞም ጉማሬም ይኖራል። ትልልቆቹ ዛፎች ጥላቸውን ወደ ውኃው ስለሚጥሉና ወንዙ በዝግታ የሚፈስ ስለሚመስል ብዙ ወጣት «እግሬን ብቻ ላርጥብ» ብሎ ይወርዳል። አዞ አድኖ የሚይዘው ግን በትክክል በዚያ ቦታ፣ እንስሳና ሰው ውኃ ለመንካት በሚያጎነብስበት በጠረፉ ላይ ነው። ከሩቅ ተንሳፋፊ ግንድ የሚመስለው ነገር ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ከውኃ በላይ የቀረ አዞ ሊሆን ይችላል፤ ቡናማ ውኃ ውስጥ ደግሞ ያም አይታይም። ልጆች ይዞ የሄደ ወላጅ ከገንዳው ወደ ወንዙ የሚወስደውን መውረጃ ቀድሞ ይወቅ፤ ከልጆቹም አይለይ።

ፈውስን በተመለከተ፣ ሙቅ ውኃ የደከመ ጡንቻን እንደሚያፍታታና የመገጣጠሚያ ሕመምን እንደሚያስታግስ የታመነ ነው። ከዚህ አልፎ የስኳርን፣ የደም ግፊትን ወይም የኩላሊትን በሽታ ያድናል ተብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት፣ በጣም በሞቀ ውኃ ውስጥ ከመቆየታቸው በፊት ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ይገባል። ማንም ቢሆን አልኮል ጠጥቶ መግባት የለበትም፤ ሙቀቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሰው ድንገት ራሱን ሊስት ይችላል። ጠበል ከእምነት ጋር የተያያዘ የራሱ ሥርዓት ያለው ነገር ነውና ከዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ጦጣን ማብላት ደግነት ነው የሚለውም መታረም አለበት። በሶደሬ ጦጣዎች ከሰው እጅ መቀበል ስለለመዱ አሁን አይለምኑም፤ ይነጥቃሉ። ሙዝ ከጠረጴዛ ላይ ሲያነሡ እጃቸው ከዓይን ይፈጥናል፤ ሕፃን ልጅ የያዘውን ዳቦ ለማስጣልም አይሳሱም፤ ንክሻቸው ደግሞ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ምግብ በዘንቢል ተከድኖ ይቀመጥ፤ ፍርፋሪም አይጣል።

«ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ሰው አይነካም»

ጉማሬ ሣር በል መሆኑ ትክክል ነው፤ የዋህ ነው ማለት ግን አይደለም። ቀን በውኃ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ በሚወጣበትና በሚመለስበት መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ፣ በተለይ ወደ ውኃው እንዳይመለስ የተዘጋበት ሲመስለው ወይም ግልገል ሲኖረው ያጠቃል። ከባድ ገላው አያታልል፤ በአጭር ርቀት ሩጫ ሰውን ይቀድማል። ከቆቃ ግድብ በታች ጉማሬ ለማየት የሚሄድ ሰው ቀን ይሂድ፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይያዝ፤ ከፍ ካለ ቦታ ይመልከት። በሣሩ መካከል ሁለት ትይዩ መስመር ሆኖ የተረገጠ፣ ወደ ውኃው የሚወርድ ጎዳና ካየ የጉማሬ መንገድ ነውና ከዚያ ላይ አይቁም።

«ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እንጂ የሚጎበኝ ከተማ አይደለችም»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ወንጂ የኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ኢንዱስትሪ የተጀመረባት ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ናት። በኢንዶኔዥያ በሸንኮራ አገዳ ልማት የቆየው ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ በ1954 የመጀመሪያውን ስኳር እዚህ አመረተ። የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለ፤ በ1975 ሁሉም በመንግሥት ተወረሰ። እነዚያ ሁለት ፋብሪካዎች አገልግለው ቆመው፣ ሥራው ወደ አዲስ ፋብሪካ ተዛውሯል። ነገር ግን ከተማዋን የሠራት ፋብሪካው ብቻ አይደለም። አገዳ ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ከአካባቢው ኦሮሞ ጋር በየካምፑ ተዋልደው ኖረዋል። በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ሦስትና አራት ቋንቋ መስማት በወንጂ የተለመደ ነው።

ፋብሪካውን በማንኛውም ቀን ገብቶ ማየት ይቻላል የሚለው ግን ስህተት ነው። ማሳውም ፋብሪካውም የሥራ ቦታ በመሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወቅትም አለው፤ አገዳ የሚቆረጠውና የሚፈጨው በበጋው ወራት ሲሆን በክረምት ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል። በቆረጣ ወቅት ገለባው እንዲራገፍ ማሳው አስቀድሞ በእሳት ስለሚለበለብ፣ ጥቁር የቅጠል አመድ በነፋስ ተንሳፍፎ በልብስና በጸጉር ላይ ያርፋል፤ ሲነኩት ወዲያው ይበናል እንጂ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካሹት አይለቅም። አየሩ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ነጭ ለብሶ የመጣ እንግዳ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

«የአካባቢው ሰው ጥርስ የበለዘው አገዳ በመብላት ነው»

ይህ አባባል ሰውን የሚያሸማቅቅ በመሆኑ በቅጡ መታረም አለበት። የጥርስ መበለዝ ምክንያቱ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ የነበሩ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ቀለሙ የሚመጣው ጥርስ በድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት በልጅነት ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የጠጡ አዛውንት ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ የከፋውን፣ አጥንትንና አከርካሪን የሚያደርቀውን ሕመም ተሸክመዋል። ለጥቂት ቀናት የመጣ አዋቂ ጥርሱ አይበልዝም። እንግዳ ሆኖ በሰው ጥርስ ላይ መሳቅ ግን ነውር ነው።

«ኢሬቻ የሚከበረው ቢሾፍቱ ብቻ ነው፤ የሚመለከውም ውኃው ነው»

በብዛት ሰው የሚሰበሰብበት፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው በዓል መሆኑ የታወቀ ነው። ኢሬቻ ግን በየአካባቢው በወንዞችና በሐይቆች ዳርም ይከበራል። ከክረምት መውጣት በኋላ በውኃ ዳር የሚደረገው ኢሬቻ መልካ ሲሆን፣ ዝናብ ለመለመን በተራራ ላይ የሚደረገው ኢሬቻ ቱሉ ይባላል። ምስጋናው የሚቀርበው ለዋቃ ነው፤ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ በውኃ ተነክሮ የሚረጨውም ከክረምቱ ጨለማ ወደ ብርሃን ላሻገረ፣ ልምላሜንም ለሰጠ ፈጣሪ ምስጋና ለማቅረብ ነው። እንግዳ አይከለከልም። በአባ ገዳዎች ምርቃት ጊዜ ግን ጸጥ ብሎ መቆም፣ የሰውን ፊት ከማንሣት በፊትም ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። በበዓሉ ሰሞን በአዳማና በቢሾፍቱ መካከል ያለው መንገድ ስለሚጨናነቅ ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ጊዜና ስለ መንገድ

ወንዝ በክረምት ያምራል በሚል በነሐሴ የሚመጣ ሰው ይሳሳታል። በዚያ ወር አዋሽ ደፍርሶ ይሞላል፤ የቆቃ ሐይቅ ሲጠግብ ውኃ ስለሚለቀቅ የወንጂ ዝቅተኛ ቦታዎች የጎርፍ ሥጋት ያድርባቸዋል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። «አዳማ ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነች ወባ የላትም» የሚለውን ማመንም አይገባም፤ ቆቃ፣ ወንጂና ሶደሬ ወባማ ናቸው፣ በተለይም ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚያድር ሰው አጎበር ያለበትን ክፍል ይጠይቅ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ስሙ ከወንዙ ጋር አንድ ቢሆንም ከአዳማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሳላዎችንና ፏፏቴውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከሶደሬ ጋር በአንድ ቀን ሳይደርብ፣ የመንገዱን ሁኔታ አጣርቶ ጎሕ ሲቀድ መነሣት አለበት፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ እንስሳቱ ጥላ ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦው ይገባሉ።