ጎረቤታሞች የሚጋሯቸው የባሕር ኃይል ማጓጓዣ መርከቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወታደር፣ ከባድ ተሽከርካሪና ነዳጅ ጭኖ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ለአንዲት አነስተኛ ሀገር ከባድ ወጪ ነው፤ ከተገዛ በኋላም የባሕረኞቹ ደመወዝ፣ የመለዋወጫውና የጥገናው ሂሳብ በየዓመቱ ይከተላል። ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየም፣ ጀርመንና ዴንማርክ ይህን ሸክም ከጎረቤት ጋር መጋራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለ አሠራሩ የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከእውነታው የራቀ ነው።

«መርከቡን የተጋራ ሀገር ሉዓላዊነቱን አሳልፎ ሰጥቷል»

ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ኃይሎቻቸውን የዘመቻ ማዘዣ በኔዘርላንድሷ የዴን ሄልደር ወደብ አዋህደዋል፤ አዛዡም የቤኔሉክስ (የቤልጂየም፣ የኔዘርላንድስና የሉክሰምበርግ የጋራ መጠሪያ) አድሚራል ይባላል። ሆኖም አንድ መርከብ ወደ የትኛው ባሕር ይዝመት፣ በየትኛው ግዳጅ ይሰለፍ የሚለውን የሚወስነው የየሀገሩ መንግሥት ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት መቀመጫ ሄግ ስለወሰነች የቤልጂየሟ ብራሰልስ አትገደድም፤ እያንዳንዱ መርከብም የሚያውለበልበው የራሱን ሀገር ባንዲራ ነው።

«ወጪ መጋራት ማለት የመርከቡን ዋጋ እኩል መክፈል ነው»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከመግዣው ዋጋ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ነው። ሁለቱ የቤኔሉክስ ሀገሮች ሥራውን ተከፋፍለውታል፦ ፍሪጌት የሚባሉትን የጦር መርከቦች ጥገና ኔዘርላንድስ፣ የባሕር ፈንጂ አሳሽ መርከቦቹን ደግሞ ቤልጂየም ወስዳለች። ይህም የተቻለው መርከቦቹ አንድ ዓይነት በመሆናቸው ነው፤ አንዱ ባሕረኛ በሌላው ሀገር ተምሮ ይመለሳል፣ ለአንድ ሞተርም ሁለት የመለዋወጫ መጋዘን አያስፈልግም።

የኔዘርላንድስና የጀርመን ስምምነት መልኩ ደግሞ ሌላ ነው። የሁለቱ ሀገሮች የመከላከያ ሚኒስትሮች፣ ዣኒን ሄኒስ ፕላስኻርትና ኡርሱላ ፎን ዴር ላየን፣ በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. «ካረል ዶርማን» በተባለችው መርከብ ላይ ሰነዱን ሲፈራረሙ፣ ኔዘርላንድስ መርከቧን ጀርመኖች እንዲጠቀሙባት ፈቀደች፤ ጀርመን በበኩሏ የባሕር ሻለቃ ጦሯን ከኔዘርላንድስ ባሕር ኃይል ጋር እንዲሠራ አቀናጀች። አንደኛው ብረቱን፣ ሌላኛው የሰው ኃይሉን አመጣ ማለት ነው።

«የማጓጓዣ መርከብ ዕቃ ከመጫን አያልፍም»

ካረል ዶርማንን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት ይህች መርከብ በጉዞ ላይ ላሉ ሌሎች የጦር መርከቦች ነዳጅ ታድላለች፣ ከባድ ሄሊኮፕተር ታሳርፋለች፣ ሆስፒታልም አላት። ከኋላዋ ደግሞ ትንንሽ ጀልባዎች ተጠግተው ጭነት የሚረከቡበት ዝቅ ያለ መድረክ አላት፤ ስለዚህ መርከቧ የምትጠጋበት ወደብ በሌለበትም ጭነቷን ማራገፍ ትችላለች። በይፋ አገልግሎት ሳትጀምር ገና በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. የኢቦላ ወረርሽኝ ወዳደቀቃቸው የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች ስትሄድ አምቡላንሶችንና የሕክምና ቁሳቁሶችን የጫነችው ከበርካታ የአውሮፓ ሀገሮች ሰብስባ ነበር። ያን ጊዜ መጋራት የወረቀት ስምምነት ሳይሆን በጊዜ የደረሰ አምቡላንስ ነበር።

«የሚጋሩት መርከብ የግድ የባሕር ኃይል ንብረት መሆን አለበት»

አይደለም። ዴንማርክና ጀርመን «አርክ» በተባለው ስምምነታቸው የሚጠቀሙት ዲኤፍዲኤስ የተባለውን ኩባንያ የንግድ መርከቦች ነው። ተሽከርካሪ እየነዱ የሚያስገቡባቸው እነዚህ መርከቦች በሰላሙ ጊዜ የነጋዴ ጭነት ሲያመላልሱ ይከርማሉ፤ ሠራዊቱ ሲጠራቸው ደግሞ ለወታደራዊ ጭነት ይሰለፋሉ።

«ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢፈልጉት አሠራሩ ይፈርሳል»

ይህኛው ሥጋት ከሌሎቹ ይለያል፤ ግማሹ እውነት ነው። አንዲት መርከብ በአንድ ጊዜ በሁለት ባሕር ልትገኝ አትችልም፤ ስለሆነም ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ፣ ጥገናው መቼ እንደሚደረግ አስቀድሞ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ይሁንና እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የወረፋው ጉዳይ ሳይሆን የባለቤቷ ሀገር በጀት ነው። በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ሲል ካረል ዶርማንን ተሠርታ ሳታልቅ ሊሸጣት ወስኖ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ግን በበጀት ድርድር ውሳኔው ተሻረ። ዛሬ እንዲህ ያለ ውሳኔ ቢደገም መርከብ አልባ የምትሆነው ኔዘርላንድስ ብቻ አትሆንም፤ ከእሷ ጋር ለመዝመት የሠለጠነው የጀርመን ሻለቃም በወደብ ላይ ይቀራል።