የእጅ ሰዓት የልብ ምት ቀጠናዎችና የአዲስ አበባ ከፍታ

የልብ ምት ቀጠና የሚባለው፣ ልብ በደቂቃ የሚመታው ብዛት ሰውየው ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ምት ጋር ተነጻጽሮ በእርከን የሚከፈልበት ዘዴ ነው። በብዛት የሚሠራበት አከፋፈል አምስት እርከኖች አሉት፤ አንደኛው ከከፍተኛው ምት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ሁለተኛው ከ60 እስከ 70፣ ሦስተኛው ከ70 እስከ 80፣ አራተኛው ከ80 እስከ 90፣ አምስተኛው ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ያለውን ይይዛል። ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ወዲያና ወዲህ ከሚመላለሱት ሯጮች አንዳንዶቹ ይህን ክፍፍል ዛሬ በስማርት ሰዓታቸው ላይ በቀለም ተለይቶ ያዩታል። ሰዓቱ የሚያሳየው ቀጠና ግን ከሁለት ነገሮች የተገኘ ነው፤ አንዱ የምቱ ቆጠራ ሲሆን ሌላው ቆጠራው የሚነጻጸርበት ጣሪያ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራጠረው የመጀመሪያውን ነው፤ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ሁለተኛው ነው።

ቆጠራው የሚካሄደው በብርሃን ነው። ከሰዓቱ ጀርባ የሚበራው አረንጓዴ መብራት በቆዳ ሥር ወዳሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደርሳል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ወደ ሥሮቹ የሚገባው ተጨማሪ ደም ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይቀንሰዋል፤ መሣሪያውም ይህንን ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ብርሃን እየቆጠረ የምቱን ብዛት ያወጣል። የላላ ማሰሪያ፣ የክንድ ንዝረትና በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እጅን የሚያደነዝዘው ብርድ ንባቡን ያዛባሉ። በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ስህተት፣ መሣሪያው የልብን ምት ትቶ የእርምጃን ምት የሚቆጥርበት ጊዜ መኖሩ ነው። የሩጫ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 አካባቢ ስለሆነ፣ ትንፋሹ ሳይፋጠን ዝግ ብሎ የሚሮጥ ሰው በድንገት 170 ቢያይ ሰዓቱን ከእጅ አንጓው አጥንት በላይ ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማሰር ይኖርበታል። የቆዳ ጥቁረት ንባቡን ያበላሻል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ቅርብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ የትክክለኛነት ልዩነት እንዳላገኘ፣ ይልቁንም ስህተቱ በእንቅስቃሴ ጊዜ ከዕረፍት ጊዜ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከሰዓት ይልቅ የሚታመነው በደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ነው፤ እርሱ የሚያነብበው ብርሃን ሳይሆን ልብ ራሱ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ከቀበቶ ወደ እጅ ሰዓት ያለ ሽቦ የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

ወደ ጣሪያው ስንመጣ፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፍተኛውን ምት የሚገምቱት ዕድሜን ከ220 በመቀነስ ነው። በዚህ ስሌት የ40 ዓመት ሰው ጣሪያ 180 ይሆናል። ቀመሩ የተስፋፋው ፎክስ፣ ኖተንና ሃስኬል እ.ኤ.አ. በ1971 ካወጡት ጽሑፍ ወዲህ ሲሆን፣ መሠረቱም በጥብቅ ስታቲስቲክስ የተፈተነ ስሌት ሳይሆን ከቀደምት ጥናቶች የተሰበሰቡ ቁጥሮች በግምት የተሳለባቸው መስመር ነው። ታናካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 351 ጥናቶችንና 18,712 ሰዎችን በአንድነት መርምረው ሌላ ቀመር አቀረቡ፤ እርሱም ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ውጤቱን ከ208 መቀነስ ነው። ሁለቱ ቀመሮች በ40 ዓመት ላይ ይገናኛሉ፤ ለ60 ዓመት ሰው ግን የመጀመሪያው 160 ሲሰጥ ሁለተኛው 166 ይሰጣል። የትኛውም ቢወሰድ፣ የአንድ ሰው እውነተኛ ጣሪያ ከቀመሩ 10 ምት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢርቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለት የ40 ዓመት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ሲሮጡ፣ የአንዱ ጣሪያ 170 የሌላው 190 ሆኖ ሳለ ሰዓቶቻቸው ሁለቱንም በ180 ይለካሉ።

በዚህ ላይ በአገራችን የሚያጋጥም አንድ ስህተት አለ፤ ሰዓት የገዛ ሁሉ ከምንም በፊት ቢያረጋግጠው እመክራለሁ። መተግበሪያው የትውልድ ዓመት ሲጠይቅ የሚጠብቀው የግሪጎርያንን አቆጣጠር ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በለመደው አቆጣጠር 1980 ብሎ ቢያስገባ፣ ትክክለኛው 1987 ወይም 1988 ስለሆነ ሰዓቱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ጣሪያው በዚያው ልክ ይወርዳል፤ የሁለተኛው ቀጠና የላይኛው ወሰንም ወደ 5 ምት ያህል ዝቅ ይላል። ሰውየው ቀለል አድርጎ በሮጠ ቁጥር ሦስተኛ ቀጠና ውስጥ ገብተሃል እየተባለ ያለ ምክንያት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፓስፖርት ያለው ሰው በእርሱ ላይ የሰፈረውን ቀን ቢያስገባ ነገሩ ይስተካከላል።

የአከፋፈሉ ዘዴም ራሱ አንድ አይደለም። ፊንላንዳዊው ካርቮነን እ.ኤ.አ. በ1957 ከባልደረቦቹ ጋር ባቀረበው ጥናት የተጀመረው ዘዴ፣ መቶኛውን የሚያሰላው ከጣሪያው ሳይሆን በዕረፍት ምትና በጣሪያው መካከል ካለው ልዩነት ነው። ጣሪያው 180፣ የዕረፍት ምቱ 60 የሆነ ሰው ልዩነቱ 120 ነው፤ የዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ በ60 ላይ ሲደመር ሁለተኛው ቀጠና ከ132 እስከ 144 ይሆናል። በተለመደው የጣሪያ መቶኛ ግን የዚያው ሰው ሁለተኛ ቀጠና ከ108 እስከ 126 ነው። ሁለቱ ክልሎች በአንድ ምት እንኳ አይነካኩም። አፕል ሰዓት የልዩነቱን ዘዴ ሲከተል፣ ጋርሚን በተለመደው አሠራሩ ከጣሪያው መቶኛ ይነሣና ባለቤቱ ሌላ ዘዴ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ "ዞን ሁለት ሩጥ" የሚል ምክር ከጓደኛ የተቀበለ ሰው፣ የጓደኛው ሰዓት በየትኛው መንገድ እንደሚያሰላ ሳይጠይቅ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሰዓት መውሰድ የለበትም።

አዲስ አበባ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ሌላው ስፍራ 21 በመቶ ቢሆንም፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ ልቡ ጉድለቱን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ይህ ደግሞ አቅም ወረደ ማለት አይደለም። ለነዋሪው የሚከብደው ይልቁንም ዳገቱ ነው። ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሯጭ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ቀጠና ሊዘልቅ ይችላል፤ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው እንጦጦ ለሚወጣ ጀማሪ ደግሞ ሁለተኛውን ቀጠና መጠበቅ ማለት ብዙውን ጊዜ መራመድ ማለት ነው፤ መራመዱም ልምምድ ስለሆነ ሊያፍርበት አይገባም። የመስቀል አደባባይ ረጃጅም ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ሜዳ በመሆናቸው ምትን በአንድ ቀጠና ለማቆየት ከከተማዋ መንገዶች ይልቅ ይመቻሉ። ከዳገት ሌላ ውሃ ሳይጠጡ መዋል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳትና ከሩጫው በፊት የተጠጣ ቡና ለተመሳሳይ ፍጥነት የተለያየ ምት ያስከትላሉ። በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ ሳይበላና ሳይጠጣ የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱ ሳይጨምር ምቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ የሚያየው፣ በሰውነቱ ያለው ፈሳሽ ስለሚቀንስ ነው።

ቁጥሮቹ እንዲህ የሚዋዥቁ ከሆነ መለኪያው ትንፋሽ ነው። በቀላሉ ደረጃ የሚሮጥ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየተናገረ መጨዋወት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ንግግሩ ይቆራረጣል፤ በአራተኛው ላይ ከአንድ ሁለት ቃል አይዘልቅም። ጭውውቱ መቆራረጥ የሚጀምርበትን ምት ለጥቂት ሳምንታት የሚመዘግብ ሰው፣ ከየትኛውም ቀመር የሚሻል የራሱን ወሰን ያገኛል፤ አብዛኞቹ ሰዓቶችም ቀጠናዎቹን በእጅ ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። አንዳንድ መሣሪያዎች ዝቅተኛውን ቀጠና "ስብ ማቃጠያ" ይሉታል። በዝግታ ሩጫ ከሚወጣው ጉልበት ውስጥ የስብ ድርሻ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ጊዜ የሚወጣው ጠቅላላ ጉልበት ያነሰ ስለሆነ፣ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው በዚህ ስም ብቻ ቀጠናውን መምረጥ የለበትም። የዝግታ ሩጫ ዋጋ ሌላ ነው፤ ሰውነትን ሳያደክም በሳምንት ብዙ ጊዜ ለመሮጥ ያስችላል። ታዋቂ የረጅም ርቀት አትሌቶችን ያጠኑት ስቲቨን ሳይለር ከልምምዶቻቸው 80 በመቶ ገደማው በዚህ ቀላል ደረጃ እንደሚሠራ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረው በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚዘጋጅ ጀማሪ፣ በየማለዳው አራተኛ ቀጠና ካልገባሁ አልሠራሁም ብሎ ማሰቡ ከሁሉ የከፋ ስህተቱ ነው።

የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመምተኞች የሚወስዷቸው እንደ አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብን ምት ስለሚያዘገዩ፣ በዕድሜ የተሰላ ቀጠና ለእነርሱ አይሠራም፤ ልምምዳቸውን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው በትንፋሽና በድካም ስሜት ሊለኩ ይገባል። በሩጫ መካከል የደረት ሕመም፣ ራስን የመሳት ስሜት ወይም ዕረፍት ላይ ሆነው የማይበርድ ፈጣንና የተዘበራረቀ ምት የተሰማው ሰው፣ ሰዓቱ አንደኛ ቀጠና ላይ ነህ ቢለውም እንኳ ሩጫውን አቁሞ በቶሎ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።